ሰባተኛው ዘፈን

አንድ ጓደኛዬ የመጀመሪያ አልበሙን ሊለቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋይሎቹን በቴሌግራም ላከልኝ። 11 ዘፈን ነው። ከሥሩ «ስማውና የምርህን ንገረኝ፣ እንዳትሸፍንልኝ» የሚል መልእክት አለው።

ልጁን የማውቀው ከካምፓስ ነው። እኔ ሶፍትዌር፣ እሱ ሲቪል ምህንድስና። ዶርም ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ የእሱ ነበር፤ ፈተና ደርሶ እንኳ ማታ ማታ ክራሩን በጣቱ ጫፍ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ እየተጠነቀቀ፣ ይነካካ ነበር። ተመርቆ ስምንት ወር ሳይት ላይ ሠራና ተወው። ከዚያ አንድ የባህል ምግብ ቤት ባንድ ውስጥ ገባ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ክትፎ ሲበላ ዘፈነ። ነጭ ለብሰው ከሚደረደሩት አራት ዘፋኞች ሦስተኛው እሱ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ እንግዳ የነበረ አይመስለኝም። አልበሙ እንግዲህ ከዚያ ሰልፍ ወጥቶ ብቻውን የቆመበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

እኔ በዚያ ሳምንት ዴድላይን ላይ ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የመጀመሪያውን ዘፈን ሙሉውን፣ ሁለተኛውን እስከ ግማሽ ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ የምር። ሦስት የእሳት ምልክት ደርድሬ «ወንድሜ ይሄ ሌላ ደረጃ ነው» ብዬ ላክሁለት።

«ሁሉንም ሰማኸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

አልበሙ ወጣ። በአራተኛው ቀን ዩቲዩብ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሰባተኛው ዘፈን መሃል ላይ ተቆርጧል። ዘፋኙ የራሱን ሥራ አይሰማም እንዴ? ድምፅህም አይመችም። ከባንዱ ምን አስወጣህ?» ደሜ ፈላ። ልመልስለት ተነሳሁ፤ ማስረጃ ይዤ ልመልስ ብዬ ሰባተኛውን ዘፈን ከፈትኩት። 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ላይ፣ ገና ቃሉን ሳይጨርስ፣ ፀጥ። ከሁለት ሳምንት በፊት የላከልኝን ፋይል ከፈትኩ። እሱም 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ላይ ፀጥ።

ቆይቶ እንደነገረኝ ፋይሉን የላከው ለ14 ሰው ነው። እሱ ራሱ ስቱዲዮ ውስጥ ደጋግሞ ከመስማቱ የተነሳ ጆሮው ዝሎ ስለነበር የመጨረሻውን ቅጂ ከፍቶ መስማት አቅቶታል፤ የእኛን ጆሮ የፈለገው ለዚህ ነው። 14ታችንም መልሰናል። 14ታችንም እሳት።

ተሳደበ ብዬ የተናደድኩበት ሰው ሰባተኛው ዘፈን ድረስ ሄዷል። እኔ፣ አልጋ የተጋራሁት ጓደኛው፣ አልሄድኩም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ለሚዘፍን ሰው አድማጩ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ማበረታታት ነው? እውነቱን መንገር ነው? ወይስ ምንም ዕዳ የለበትም?

«አስተያየት» የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ «ማየት» አለ። እንግዲህ ሳያዩ አስተያየት መስጠት ቃሉ ራሱ የማይፈቅደው ነገር ነው። እኛ ግን በየቀኑ እንሰጣለን። የእኔ ሥራ ውስጥማ ስምም ወጥቶለታል። አንድ ፕሮግራመር የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው አይቶ ሳያጸድቀው ወደ ዋናው አይገባም። ኮዱ 40 መስመር ከሆነ የሚያየው ሰው 20 አስተያየት ይጽፋል፤ እዚህ ጋ ስሙን ቀይረው፣ እዚህ ጋ ክፍተት ጨምር ምናምን። 2,000 መስመር ከሆነ ግን ከላይ ወደ ታች ያንሸራትትና «ኤል ጂ ቲ ኤም» ይላል። «ለእኔ ደህና ይመስላል» ለማለት ነው። አንዴ እኔ እንዲህ ብዬ ያሳለፍኩት ኮድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙን ጣለው። ስህተቱ የእኔ አልነበረም፣ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ግን ከሥሩ «ያጸደቀው» የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ የእኔ ስም ነው ያለው። ለጓደኛዬ አልበም የላክሁት እሳት እንደዚያ ዓይነት ፊርማ ነበር።

የዚያን ማታ ደወልኩለት። ኮሜንቱን አይቶታል። ላጽናናው ብዬ ሁሉም ሰው የሚለውን አልኩት፦ «ተወው ባክህ፣ ቦብ ዲላንንም እኮ መጀመሪያ ሲያወጣ ድምፅህ አይሆንም ብለውታል፤ ኋላ ኖቤል ወሰደ።»

«የትኛው ዘፈኑ ላይ ነው እንደዚያ ያሉት?» አለኝ። ለነገሩ እሱ እንደዚህ ነው፣ ዝርዝር ይወዳል።

አላውቅም። ዲላን በ2016 ኖቤል ሲሸለም ካምፓስ ነበርን፤ ስለ እሱ የማውቀው ያኔ ሰው ሁሉ ፌስቡክ ላይ ሲያጋራው የነበረውን ነው። የመጀመሪያ አልበሙን ሰምቼው አላውቅም። ማለት፣ ባልሰማሁት አልበም ያልሰማሁትን አልበም ላስረሳ እየሞከርኩ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ፈልጌ አገኘሁትና መብራት አጥፍቼ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ሰማሁት። 37 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አልበሙ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጁ ከሚኒሶታ፣ ከብረት ማዕድን ከተማ፣ በ1961 ጥር ላይ ኒው ዮርክ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 19 ዓመቱ ነው። የባላገር ዘፈን ጀግናው ዉዲ ገትሪ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እየሄደ ይጠይቀዋል፣ ይዘፍንለታል። ማታ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር ካፌዎች ውስጥ ይዘፍናል፣ የሰው ቤት ሶፋ ላይ ያድራል። መስከረም ላይ የኒው ዮርክ ታይምስ ሃያሲ ሮበርት ሼልተን አንድ ክለብ ውስጥ ሰምቶት ሞቅ ያለ ጽሑፍ ጻፈለት። በዚያው ሰሞን እነ ቢሊ ሆሊደይን ወደ ስቱዲዮ ያስገባው ጆን ሃሞንድ ለኮሎምቢያ ሪከርድስ አስፈረመው። ኅዳር ላይ በሁለት ቀን፣ በ20ኛውና በ22ኛው፣ አልበሙ ተቀዳ። የወጣበት ወጪ 402 ዶላር ገደማ ነው ይባላል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ሃርሞኒካ፣ ሌላ ምን ያስወጣል? ሃሞንድ ልጁ ማይክ አጠቃቀም ስለማያውቅ ተቸግሮ ነበር፤ «ፕ» ባለ ቁጥር ማይኩ ይፈነዳል፣ «ስ» ሲል ያፏጫል፣ እየዘፈነ ከማይኩ ይርቃል። ድገመው ሲባል ደግሞ አይወድም።

መጋቢት 19 ቀን 1962 ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው 5,000 ገደማ ነው። እንደ ኮሎምቢያ ላለ ትልቅ ድርጅት ይህ ምንም ማለት ነው። ቢሮው ውስጥ ልጁን «የሃሞንድ ጅልነት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ ለጓደኛዬ ያልነገርኩትን፦ ያላለቀሱለት ሰዎች ያን ያህል አልተሳሳቱም። 20 ዓመቱ ነው፣ ሊሞት እንደተቃረበ ሽማግሌ ነው የሚዘፍነው። ስለ ሞት፣ ስለ መሞቻ ሰዓት፣ ስለ መቃብር የሚያወሩ ዘፈኖች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ላይ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ላይ ባቡር እንዳያመልጠው ይሮጣል። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1960፣ የጆአን ባኤዝ የመጀመሪያ አልበም ወጥቶ ነበር፤ የእሷም ዘፈኖች የድሮ የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው፣ ድምፅዋ ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፣ ሰውም ወዶላታል። በዚያ ጆሮ ይህን ልጅ የሰማ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ቢል ምን ይፈረድበታል? እኔ ራሴ አራተኛው ዘፈን ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

ለዉዲ ገትሪ የዘፈነው ጋ ስደርስ ግን ተቀመጥኩ። በአልበሙ ውስጥ እሱ ራሱ ከጻፋቸው ሁለት ዘፈኖች አንዱ ነው። ዜማው እንኳ የገትሪ ነው፣ ከእሱ የተወሰደ። ግን ጩኸቱ ቆመ፣ ሩጫው ቆመ፣ አንድ ልጅ የሚያከብረውን ሰው ፊት ለፊት እያየ ሲናገር ሰማሁ። ሌሎቹ ዘፈኖች ውስጥ ሌላ ሰው ለመሆን ይታገላል፣ እዚህ ጋ አይታገልም። 5,000ዎቹ ገዢዎች ውስጥ ይህን የሰማ ስንት ሰው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ብዙ። አስተያየታቸውን የሚጽፉበት ቦታ ስላልነበራቸው የቀረልን የቢሮ ቀልድ ብቻ ነው።

ስለ ሃያሲው ስለ ሼልተን ሌላ ያነበብኩት ነገር አለ፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። የአልበሙ ጀርባ ላይ ዘፋኙን የሚያስተዋውቅ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ጸሐፊው «ስቴሲ ዊሊያምስ» ይላል። ስቴሲ ዊሊያምስ የሚባል ሰው ግን የለም። ሼልተን ራሱ ነው፣ በብዕር ስም። ጋዜጣ ላይ እንደ ገለልተኛ ሃያሲ ያመሰገነው ሰው፣ ኩባንያው ሽፋን ላይ ስሙን ቀይሮ ደግሞ አመሰገነው። አንባቢው ሁለት ሰው የመሰከረለት መስሎት ገዛ።

ሼልተን ዋሽቷል? የጻፈውን ያምንበት ነበር፣ ስለ ልጁም ጆሮው ትክክል ነበር። ከእኔ ጋር ሳስተያየው የእሱ ኃጢአት የእኔ ግልባጭ ነው፦ እሱ ሰምቷል፣ ስሙን ደብቋል፤ እኔ ስሜን አውጥቻለሁ፣ አልሰማሁም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የሼልተንን እመርጣለሁ። ቢሆንም ለራሴም አልተመቸኝም፤ ምክንያቱም ከ14 ሰው የመጣ 14 እሳትም ለጓደኛዬ 14 ምስክር መስሎታል። ሲቆጠር አንድም አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከ13ቱ ዘፈኖች 11ዱ የዲላን አይደሉም። ከጥቁር ብሉዝ ዘፋኞች፣ ከስኮትላንድ፣ ከየባላገሩ የመጡ ናቸው። እኛ ጋ በካሴት ሽፋን ላይ «ዜማ፦ ሕዝብ» ተብሎ የሚጻፈው ዓይነት። የጓደኛዬም አልበም ላይ ከ11ዱ ሰባቱ «ሕዝብ» ናቸው። ይህ «ሕዝብ» የሚባል ደራሲ አይከስም፣ ድርሻ አይጠይቅም፣ ሁሉም ይወስድበታል። ደግሞም መውሰድ ክፉ አይደለም፤ ዘፈኖቹ እስከ ዛሬ የቆዩት ሰው ከሰው እየወሰደ ስላዘፈናቸው ነው። ግን ዘፈን ከ«ሕዝብ» ወደ አንተ ዝም ብሎ አይመጣም፣ በመሃል አንድ ሰው አለ። ጓደኛዬ አንዱን ዘፈን የተማረው ከአያቱ ነው፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ ከነበሩ ማሲንቆ ተጫዋች አዛውንት። በሽፋኑ ላይ ሁለቱም «ሕዝብ» ሆነዋል።

ዲላን አልበም ውስጥ ስለ ኒው ኦርሊንስ አንድ ቤት የሚያወራ፣ «ሃውስ ኦቭ ዘ ራይዚን ሰን» የሚባል የድሮ ዘፈን አለ። ዘፈኑ የማንም ነው። ግን ዴቭ ቫን ሮንክ የተባለ የሰፈሩ ዘፋኝ አኮርዶቹን ቀይሮ፣ ከሥር ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ባስ ጨምሮ፣ አዲስ መልክ ሰጥቶት ነበር። ቫን ሮንክ ማለት ዲላን ሶፋው ላይ ያድርበት የነበረው ሰው ነው። እንደ ታላቅ ወንድሙ ነበር። አንድ ቀን ዲላን መጥቶ «ያንተን አሠራር ልቅዳው?» አለው። ቫን ሮንክ «እኔ ራሴ ልቀዳው ነው፣ ትንሽ ቆይልኝ» አለው። ዲላን ደነገጠ፤ ለካ ቀድቶት ጨርሷል።

በሽፋኑ ላይ ይህን ዘፈን ከቫን ሮንክ እንደሰማው ተጽፏል። ሌላ ዘፈን ላይማ ጊታሩን እየነካካ ኤሪክ ቮን ሽሚት ከሚባል ሰው እንደሰማው በድምፁ ይናገራል። ስለዚህ ምንጭ አልደበቀም። እኛ ክፍት ኮድ የምንጠቀም ሰዎች ይህን ልዩነት እናውቀዋለን ብዬ አስባለሁ፦ ስም መጥቀስ አንድ ነገር ነው፣ ፈቃድ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ዲላን አንደኛውን አደረገ፣ ሁለተኛውን ጠየቀ፣ ግን ካደረገው በኋላ ጠየቀ። ቫን ሮንክ ለጊዜው አኩርፎት ኋላ ታርቀዋል።

የእኔን ቀልብ የወሰደው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቫን ሮንክ ያን ዘፈን መድረክ ላይ ሲዘፍን አድማጮች «ይህን ከዲላን ነው የወሰድከው» ይሉት ጀመር። በራሱ ሥራ ሌባ ተባለ። እሱም መዝፈኑን ተወው። በ1964 ደግሞ ዘ አኒማልስ የተባሉ እንግሊዛውያን ያንኑ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር አወጡትና ዓለምን አዳረሰ፤ ያን ጊዜ ተራው የዲላን ሆነ፣ «ከአኒማልስ ነው የወሰድከው» እያሉት እሱም ተወው። ቫን ሮንክ ይህን እየሳቀ ነበር የሚያወራው ይባላል። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ሰውየውን ዘፈኑን ያስጣለው ዲላን አይደለም፣ አድማጭ ነው። መጀመሪያ የሰማውን የመጀመሪያ ያደረገ አድማጭ። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ ተናገረ፣ በቃ።

የሕዝብ ዘፈን የሚዘፍን ሰው ብቻውን ሲወጣ ደግሞ ከሁለት ወገን ነው የሚመታው። ጓደኛዬ አልበም ሥር «ሁሉም የድሮ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አመጣ?» የሚል አለ። ከእሱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «ባህላችንን በኪቦርድ አበላሸው» የሚል አለ። ዲላን የመጀመሪያውን ጠጥቶ ሁለተኛ አልበሙን በ1963 ግንቦት ሲያወጣ ቁጥሩ ተገልብጦ ነበር፤ ከ13ቱ 11ዱ የእሱ። በ1965 ኒውፖርት ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከጮኹበት ውስጥ ብዙዎቹ የሚወዱት ሰዎች ነበሩ። በ1966 ማንቸስተር ላይ አንዱ ከአዳራሹ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ይሁዳ ለመባል እንግዲህ መጀመሪያ ደቀ መዝሙር ተደርገህ መቆጠር አለብህ። አድማጭ ዘፋኙን «የእኛ» ብሎ ሲይዘው፣ ፍቅሩ ውስጥ የባለቤትነት ነገር ይገባበታል።

ስለዚያ የማጽናኛ ታሪክ አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ ሁሉ ንባብ በኋላ ጠልቼዋለሁ። «ዲላንንም እኮ አይሆንም ብለውታል» ስንል የምንለው «ተሳስተው ነበር» ነው። ግን በምን አወቅን? በኋላ በመጣው። አልበሙ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 1962፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የነፋሱን ዘፈን ጻፈ። በዚያ ወር መኪና ገጭቶት ቢሆንስ? 37ቱ ደቂቃዎች ያው ናቸው፣ አንድ ኖታ አይቀየርም፣ ግን «የሃሞንድ ጅልነት» ጅልነት ሆኖ ይቀር ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ይህንኑ በሠዓሊው በጎጋን ታሪክ ያነሳዋል፤ ቤተሰቡን ጥሎ ለሥዕል የሄደ ሰው ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ከተሳካለት ነው፣ መሳካቱ ደግሞ ግማሹ በእጁ አይደለም። የመጀመሪያ አልበም ያወጡና ሁለተኛ ያላወጡ ስንት ናቸው? ስማቸውን አናውቅም፣ ለዚህ ነው ምሳሌ የማናደርጋቸው።

ጓደኛዬን በዲላን ሳጽናናው አልበሙን ቀብድ አደረግሁበት። «ይሄ ምንም አይደል፣ ቀሪውን ስትከፍል ያኔ ይታያል» እንደማለት። ሁለተኛ አልበም የሚሠራበት ገንዘብ ላያገኝ ይችላል። ለመጀመሪያው ክራሩን ሳይቀር አስይዞ ነው የተበደረው። ይህ 11 ዘፈን የሠራው ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያው መሰማት ያለበት እንደ ቀብድ አይደለም።

ያ ኮሜንት የጻፈውን ሰውዬ እንግዲህ ምን ላድርገው? ደጋግሜ አነበብኩት። ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም መመዘኛ በጻፈው ድርሰት ከዶን ኪሆቴ የወሰደው ጨዋታ አለ። ሁለት ወይን ቀማሾች አንድ በርሜል ወይን እንዲቀምሱ ተጠሩ። አንዱ ቀምሶ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ የቆዳ ጣዕም ባይኖረው» አለ። ሌላው «ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ከሥሩ የቆዳ ማሰሪያ ያለው አሮጌ የብረት ቁልፍ ተገኘ።

የእኛ ሰውዬ ብረቱን ቀምሷል። 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ። ይህን ስላገኘልን ምስጋና ይገባው ነበር፣ አላመሰገንነውም። ድምፅህ አይመችም ማለቱ ደግሞ ጆሮው የራሱ ነው፤ ሰምቶ ካልተመቸው አልተመቸውም፣ ከእኔ ያልተሰማ እሳት ይሻላል። ሦስተኛው ላይ ነው የምለየው። «ከባንዱ ምን አስወጣህ?» ሲል ስለ ዘፈን ማውራት አቁሟል። የሂዩም ቀማሾች ወይን ጠማቂውን ወይን መጥመቅ ተው አላሉትም። 11 ዘፈን መስማት አንድ ሰው በሕይወቱ ምን ማድረግ እንዳለበት የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። እንዲያም ሆኖ ልጁን ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳው ይህችው ዓረፍተ ነገር ነች፤ ስለ ተቆረጠው ዘፈን የተናደደው ለአንድ ሰዓት ነው፣ ሄዶ አስተካከለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኪያቶ ልንጠጣ ተገናኘን። ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

«አልበሙን ያኔ አልሰማሁትም ነበር» አልኩት። «አንድ ተኩል ዘፈን ነው የሰማሁት።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት?»

«አልበሙ 51 ደቂቃ ነው። አንተ የመለስክልኝ በ9 ደቂቃ ነው።»

ዝም አልኩ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን ሰማኸው ብለህ አላፋጠጥከኝም?» ስለው ስኒውን አዙሮ አዙሮ «እሳቱ ደስ ብሎኝ ነበራ» አለ።

ይህን አልጠበቅሁም። ስለ አድማጭ ዕዳ ሳስብ የከረምኩት ዘፋኙ እውነት ፈልጎ እኛ የነፈግነው አድርጌ ነው። እሱ ግን እውነትም ፈልጓል፣ እሳትም ፈልጓል፣ ሁለቱ ሲመጡ ቀላሉን ያዘ። 14 ሰው በ9 ደቂቃ፣ በ5 ደቂቃ ሲመልስለት እያየ ቆጥሯል፣ እያወቀ ለቀቀው። ሃሞንድም ቢሆን «ፕ» እየፈነዳ እየሰማ ነው ያሳለፈው፤ ምናልባት አንዳንዴ ሥራው ከእጅህ ካልወጣ መቼም እንደማይወጣ ስለምታውቅ።

በዚያው ቀን ሙሉውን ሰምቼ የጻፍኩትን ማስታወሻ አነበብኩለት። ሦስተኛው ላይ ኪቦርዱ ክራሩን ውጦታል አልኩ። አልተስማማም፣ ተከራከርን፣ ትንሽ ተጋጋልን። ዘጠነኛው፣ የአያቱ ዘፈን፣ ሁለት ጊዜ እንዳሰማኝና ሁለተኛውን ጊዜ እናቴን አስጠርቼ አብረን እንደሰማነው ነገርኩት። «አያትህን ለምን ሕዝብ አልካት?» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አልሳቀም። በአዲሱ ሽፋን ላይ ስሟን አስገብቷል፤ የማሲንቆ ተጫዋቹን አዛውንት ግን ሄዶ ማስፈቀድ አለበት፣ ገና አልሄደም።

የተስተካከለውን ሰባተኛ ዘፈን ባለፈው እሑድ ላከልኝ። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ወዲያው አልመለስኩለትም። ሰምቼ ስጨርስ ክራሩ ከቆመ በኋላ፣ ፀጥ ካለ በኋላ፣ የወንበር መንቋቋት ይሰማል፤ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ ዓይነት። ይህን ጻፍኩለት፦ «4 ደቂቃ ከ9 ላይ ወንበር ይንቋቋል፣ ልታስወግደው ትችላለህ።»

«እሱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት» አለኝ።